ነጥብ ሰብሳቢዎች

የአሽከርካሪዎች የተሃድሶ ሥልጠና የጥፋት ነጥብ የተጠራቀመበት አሽከርካሪ አንድ ጊዜ ተፈትኖ ያለፈውን ትምህርት እንደ አዲስ የሚማርበት መድረክ ነው። የነጥቡ ሥርዓት የተዘረጋው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ነው። ደንቡ ጥፋቶችን በእርከን ከፍሎ ለየእርከኑ የገንዘብ ቅጣትና ነጥብ አስቀመጠ፤ ነጥቡ ሲበዛ መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። ከእግር ኳስ ሊግ የሚለየው ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ወራጅ መሆኑ ነው።

የአዲስ አበባው ሲኤምሲ ለነጥብ ሰብሳቢ የተመቸ ሰፈር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር አውራ ጎዳናውን ለሁለት ከፍሎታል። ስለዚህ ቤቱ ከሐዲዱ ማዶ የሆነ ሰው መዞሪያ ፍለጋ ርቆ ይነዳል፤ አለዚያም መዞር በተከለከለበት ይዞራል። ሁለተኛው መንገድ አጭር ነው፤ የሚረዝመው ጥላ ሥር የቆመው ትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲያነሳ ነው።

ቀጥሎ ክርክር ይመጣል፤ ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ መካድ፣ መለማመጥ፣ ለዘመድ መደወል። ሦስቱም ካልሠሩ ቅጣቱ በባንክ ወይም በቴሌብር ይከፈላል። ክፍያው በደቂቃ ያልቃል፤ ነጥቡ ግን መዝገብ ላይ ይቀራል።

ሥልጠናው ላይ የመንገድ ምልክት፣ የእግረኛ ቅድሚያና የፍጥነት ወሰን ይነሳሉ። ከሠልጣኞቹ መካከል እነዚህን የማያውቅ አይገኝም፤ ሁሉም ትራፊክ ፖሊስ ባዩ ቁጥር ያስታውሷቸዋል። የሚቀራቸው ትራፊክ ፖሊስ በሌለበት ማስታወስ ብቻ ነው።