ገመዱ ለእግረኛ ነው

ክረምት ሲገባ የአዲስ አበባ ተማሪ ወይ ደም ይለግሳል፣ ወይ የአቅመ ደካማ ቤት ጣራ ያለብሳል፣ ወይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ለብሶ አስፋልት ዳር ይቆማል። ለእኔና ለጓደኛዬ የደረሰን አስፋልቱ ነው፤ ከአስፋልትም የቆሻሻ መጣያው ሠፈር ቆሼ። «የአየር ጤና ልጆች ስለሆናችሁ ሽታውን ለምዳችሁታል» ተባልን። ሽታውንስ ለምደነዋል። ያልለመድነው ሹፌር መምከርን ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ከፈጀ ወዲህ ቆሼ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ክምሩን ነው። እኛ የተመደብነው ግን ማንም ሐዘን አውጆለት የማያውቀው አስፋልቱ ላይ ነበር። በከተማችን በመኪና ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሳይሆን አንድ አንድ እያለ ስለሚሄድ ዜናነቱ እስከ ማግስቱ ነው። ሕዝቡም አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰይሞ ነገሩን በቀልድ ዘግቶታል።

ሥራችን ወጣት አሽከርካሪዎችን ማስተማር ነው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው በመግደል በዓለም ላይ የትራፊክ አደጋን የሚቀድመው እንደሌለ ተነግሮን፣ በራሪ ወረቀት፣ የእጅ ድምፅ ማጉያና ገመድ ተሰጠን። ገመዱ ለመኪና መስሎን ነበር። ለካ ለእግረኛ ነው! ዜብራው ጫፍ ላይ ግራና ቀኝ ወጥረን ሕዝቡን እንይዛለን፤ መኪና ሲቆምልን እንለቃለን። መኪናውን በምን እናቁመው? በፈገግታ።

አንዲት እናት ገመዱን በከዘራቸው ጫን አድርገው አዩኝ። ጣቶቻቸው የሉም። ድሮ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ የነበረው፣ ዛሬ አለርት የምንለው ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕክምና ያመጣቸው ብዙ ሰዎች እዚሁ አካባቢ ጎጆ ቀልሰው ቀርተዋል። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ መኪናው ይለፍ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔን ከምታስር እሱን አታስረውም?»

«በመሻገሪያው ድልድይ ቢሄዱ ደግሞ…»

«ደረጃውን ቆጥረኸዋል? ያንን የሠራው ጉልበት ያለው ሰው ነው።»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ቀለበት መንገዱ ከተማውን ለመኪና ሲያሳጥር ለእሳቸው ጎረቤታቸውን አርቆባቸዋል፤ ለዚህ ደግሞ በራሪ ወረቀት አልታተመም።

ወደ ሹፌሮቹ ልመለስ። አንድ በእኛው ዕድሜ ያለ የሚኒባስ ሹፌር ሰልፍ ይዞት ሲቆም በመስኮቱ ብቅ አልኩ። ቀበቶው ትከሻው ላይ ጣል ብሏል፤ ጫፉን ግን ቂጡ ሥር ሸጉጦታል። ከሩቅ ላየው ትራፊክ ያሰረ ይመስላል።

«ወንድሜ፣ ለእግረኛ ቅድሚያ…»

«መስጠት ግዴታ ነው» ብሎ ተቀበለኝ። «ዜብራ ላይ መቅደም ክልክል ነው፣ ስትታጠፍ ፍሬቻ፣ ከፊትህ ካለው ርቀት። ቲዎሪውን በአንዴ ነው ያለፍኩት። ሌላስ?»

«ታዲያ ቅድም ለምን አልቆምክም?»

«የባለመኪናውን ገቢ ልትሞላልኝ ነው?»

ወያላው በሩን ጥሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚል ሐረግ በሰማሁ ቁጥር ይህ ልጅ ትዝ ይለኛል። ግንዛቤውማ ከእኔ ይበልጣል።

ከምክራችን ሁሉ የሠራው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ምክር አልነበረም። የድምፅ ማጉያው ባትሪ ሲደክም ራሱን በራሱ ሳይረን ማሰማት ጀመረ። አቤት! ከአስፋልቱ ወዲህና ወዲያ ቀበቶ ሲታሰር፣ ስልክ ከጆሮ ሲወርድ፣ ሲኖትራኩ ሳይቀር ዜብራው ፊት ቀጥ ሲል! እማማም በዚያች ደቂቃ ተሻገሩ። ጓደኛዬ ማጥፊያውን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ቆሼ ስዊድንን መሰለች።

ደስታችን ግን አልቆየም። የቆሻሻ መኪና ታጥፎ ወደ ክምሩ ሲያመራ ከኋላው የሚንጠባጠበውን ጥቁር ጭማቂ ሰደርያችን ላይ ደፍቶብን አለፈ። ወረቀቶቹም ረጠቡ።

ከዚያ ወዲያ ሽታችንን ችሎ የሚጭነን ታክሲ ጠፋ። ጨለምለም ሲል አንድ ወያላ አፍንጫውን ይዞ «ትርፍ ከሆናችሁ ግቡ» አለን። ሞተሩ ላይ ተደራርበን ተቀመጥን። ሹፌሩ ይበራል።

«እናንተ የትራፊክ ልጆች አይደላችሁም እንዴ?» አሉ ከኋላ አንድ አባት። «ንገሩት እንጂ!»

ጓደኛዬ ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ሳይከፍት አየር ጤና መታጠፊያው ላይ ነጭ ኮፍያ ታየ።

«ትርፍ፣ ጎንበስ በሉ!» አለ ወያላው።

ጎንበስ አልን።

«ኧረ ሰደርያውን አውልቁት፣ ያበራል!»