ቲሸርቱን መጀመሪያ ይልበሱ

አካባቢን መጠበቅ የሚጀምረው ከቲሸርት ነው። ችግኙ፣ አካፋውና ውሃው ኋላ ይደረስባቸዋል። የዛሬ ሁለት ክረምት ከመሥሪያ ቤት ለተከላ ስንወጣ አውቶቡሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ የተከራከርነው በመጠን ጉዳይ ነበር፤ የጉድጓዱ መጠን እንዳይመስልዎ፣ የቲሸርቱ። «ላርጅ» አልቆ «ሚዲየም» የደረሳቸው አለቃችን ሆዳቸውን ስበው እስኪለብሱት ድረስ አንድም ሰው አልወረደም። ደግነቱ ደረታቸው ላይ የተጻፈው መፈክር ተወጥሮ ከሩቅ ይነበብ ነበር።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አረንጓዴ ሰው ሆኛለሁ። እርስዎም መሆን ካማረዎት ልምዴን አልሰስትም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ጨዋታው የቁጥር ነው። ስለዚህ ጊዜ የሚፈጅብዎትን ነገር ሁሉ ይዝለሉ። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚፈጀው ደግሞ ችግኟ የመጣችባትን ጥቁር ፕላስቲክ መቅደድ ነው። አይቅደዷት። ከነከረጢቷ ጉድጓድ ብትገባ ሥሯን ብርድ አይመታውም። ሥሩ መውጫ ሲያጣ እየተጠማዘዘ ራሱን ያንቃል የሚሉ የግብርና ባለሙያዎች አሉ፤ እነሱን ግን ፎቶ ላይ አይተዋቸው ያውቃሉ? አፈሩን በሦስት ጣት ጫን ጫን እያደረጉ ወደ ካሜራው ቀና ይበሉ። ለሁለተኛው ፎቶ፣ ዝናቡ እየወረደብዎትም ቢሆን፣ በሃይላንድ የያዙትን ውሃ ያጠጧት። ችግኝ ውሃ የሚጠማው ጥርና የካቲት ላይ ነው። ያኔ ግን አውቶቡስ አይመደብም፣ ቲሸርትም አይታደልም፤ ስለዚህ እርስዎን አይመለከትም።

ከተከላ መልስ ገበያ አለ። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ በር ላይ ከተሰቀለበት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ነበር። ያ ዘንቢል አንደኛ ክፍል ስገባ ነበረ፣ ስመረቅም ነበረ። እንዲህ ያለ ዕቃ ንግድ ይገድላል። እርስዎ ባዶ እጅዎን እያወዛወዙ ይሂዱ። ቲማቲሙን በአንድ ፌስታል፣ ሽንኩርቱን በሌላ፣ ሦስት ፍሬ ቃሪያውን በትንሿ፣ በመጨረሻም ሁሉንም በትልቁ ያስይዙ። ቤት ሲደርሱ ፌስታሎቹን አይጣሉ፤ አጣጥፈው ከወጥ ቤቱ በር ኋላ በተንጠለጠለው የፌስታሎች ፌስታል ውስጥ ይክተቷቸው። «እኔ እኮ መልሼ እጠቀማለሁ» ለማለት ይረዳል። የዚያን ፌስታል ታች አይቶ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

የጨርቅ ቦርሳም ያስፈልግዎታል፤ «ፕላስቲክ ይብቃ» የሚል የታተመበት፣ በየስብሰባው የሚታደለው። እኔ አሥራ አንድ አለኝ። አሥራ አንዱም እንዳይቆሽሹ አንድ ትልቅ ፌስታል ውስጥ ናቸው።

ሕጉስ ካሉ፣ ሕግ ጠፍቶ አያውቅም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ፌስታል የማምረትም ሆነ የማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ጎመን ሻጯ ግን መለኪያ አልነበራትም፤ እኛም አልጠየቅናት። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ጠንከር ብሎ መጣ፤ ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። መፍትሔው ፌስታሉን የጨርቅ ቦርሳው ውስጥ አድርጎ መሄድ ነው። ይኸው ቦርሳው ሥራ አገኘ።

ቡናን በተመለከተ፣ ቄጠማ አንድ ከባድ ጉድለት አለበት፤ ይጠወልጋል። ተጠርጎ ይወጣል፣ ከብት ይበላዋል፣ ቢተርፍም አፈር ይሆናል። ገንዘብ የወጣበት ነገር አፈር መሆን የለበትም። በየጀበና ቡናው እንደሚያዩት የፕላስቲክ ቄጠማ ያንጥፉ። ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው፤ ልጅዎም የልጅ ልጅዎም ይወርሱታል። ከሰሉን እንግዳ ከመምጣቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ያቀጣጥሉና ለብቻው ይንደድ። በባህላዊው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይጠፋል፤ ይህን ያህል የተደከመበትን ነገር መቆጠብ ነውር ነው። ላቀች የምትባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ቤትዎ ካለች የአበባ ማስቀመጫ ያድርጓት። አበባውም የፕላስቲክ ይሁን፤ ከቄጠማው ጋር እንዲሄድ።

አሁን ወደ ዋናው ጠላታችን እንምጣ። ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፍ ሊጥምዎት ሲል «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ሰውዬ ነው። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ባዶ ሃይላንድ ምኑንም አይንቅም። ዋጋ ቆርጦ ከፍሎ፣ ተሸክሞ ይወስደዋል። ብዙው መርካቶ ይደርሳል። ምናለሽ ተራ ገብተው ያዩ ያውቁታል፤ በርሜሉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃና ባልዲ ሲሆን፣ የመኪናው ጎማ ባራባሶ ጫማ ሲሆን። ይህ ሁሉ ያለ ዐውደ ጥናት፣ ያለ ባነር፣ ያለ ሻይ ዕረፍት መሠራቱ ነው የሚያበሳጨኝ።

እኔ ከዚህ ኋላ ቀርነት ለመውጣት ባለ ክዳን የቆሻሻ ባልዲ ሦስት ገዛሁ። አረንጓዴው ለምግብ ትራፊ፣ ቢጫው ለፕላስቲክ፣ ሰማያዊው ለወረቀት። ደርድሬ ፎቶ አነሳኋቸውና ለጠፍኩ፤ ሰዉም ወደደው። ማክሰኞ ጠዋት የጽዳት ማኅበሯ ልጅ መጣችና ሦስቱንም በተራ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ዘረገፈቻቸው።

«የኔ እኅት፣ ለይቼው ነበር እኮ» አልኳት።

«አየሁት ጋሼ፤ ያምራል» ብላ ማዳበሪያዋን አሰረች።

ከዚያ ወዲህ አልለይም። ወረቀቱ ላይ የተረፈውን ሽሮ እደፋበታለሁ፤ ሃይላንዱን ከሙዝ ልጣጭ ጋር አሽቼ እቀብረዋለሁ። ማንም ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት ለማድረግ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ቅዳሜ ቆራሌው በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ሃይላንድ የለም?»

«የለም። እኛ ሪሳይክል ነው የምናደርገው» አልኩት ኮራ ብዬ።

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ግቢውን አየት አደረገ። «እነዚያ ባለ ቀለም ባልዲዎችስ? ጥሩ ዋጋ እሰጥዎታለሁ።»

ሁለቱን ሸጥኩለት። አረንጓዴውን ለመርሕ ስል አስቀርቻለሁ።

የቀረው ሁሉ ተቀላቅሎ ወደ ገንዳው ይሄዳል፤ ከገንዳውም ወደ መድፊያው። የአዲስ አበባ ሰው ከተማው የጣለውን ሁሉ ቆሼ ላይ ሲከምር ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ያ ክምር ተንዶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። በዚህ ላይ ፌዝ የለኝም። ወደ ፌዜ ልመለስ።

አረንጓዴ ሰው በዓመት አንድ ቀን ትልቅ ሥራ አለበት፤ ኅዳር 12። ኅዳር ሲታጠን። ታሪኩን ያውቁታል፤ በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ ከተማችንን ሲፈጅ የተጀመረ ነው ይባላል። ሰው ግቢውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ጭሱም በሽታውን ያባርራል። አያቶቻችን ግን ዕድለ ቢሶች ነበሩ። የሚያቃጥሉት ምን ነበራቸው? ገለባ፣ ቅጠል፣ ቡትቶ። የሚጤሰውም እንደ ነገሩ ነበር።

እኛ ግን ታድለናል። ከሰፈር ልጆች ጋር ሆነው ሲከምሩ ከታች ደረቅ ቅጠል፣ በላዩ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመውን ሃይላንድና ፌስታል፣ ከዚያ የተበጠሰ ነጠላ ጫማ፣ ከተገኘ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አናቱ ላይ አሮጌ ጎማ ያስቀምጡ። ክብሪቱን ከነፋሱ በኩል ይጫሩ፤ ጭሱ ወደ ጎረቤት እንዲሄድ። ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል ቢሉዎት፣ በሽታን የሚያባርር ነገር መርዝ ባይሆን ነው የሚገርመው። ጎረቤትዎ ከሳሉ በሽታው እየወጣላቸው ነው። በማግስቱ ጠዋት ከእንጦጦ ላይ ቁልቁል ሲያዩ ከተማው በጭጋግ ተሸፍኖ ካገኙት፣ ባህል ጠብቀናል። ግቢ መጥረጉን ትቶ ማቃጠሉን ብቻ መያዝም ይቻላል፤ እኛ ሰፈር እንደዚያ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ቧንቧዎ ቢያንጠባጥብ አያሠሩት። በሴኮንድ አንድ ጠብታ በቀን 86,400 ጠብታ ነው፤ ሲጠራቀም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊቱን የሚሰማ የውሃ ድምፅ ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል። መብራቱ ከግድብ የሚመጣ ስለሆነ ቀንም ይብራ። መንገድ ለሰው ተብሎ ጎዳናው ለመኪና በሚዘጋበት እሑድ፣ እስከ አጥሩ ድረስ በመኪና ይሂዱና ከዚያ በእግር ይንሸራሸሩ። ስለ ምግብ ለማውራት እንኳ አፍራለሁ። አያቴ በዓመት ከ200 ቀን በላይ ሥጋም ወተትም ሳትቀምስ ኖራ አንድም ቀን ስለ አየር ንብረት አውርታ አታውቅም። እርስዎ ግን ሽሮውን ይናቁና ከውጭ በአውሮፕላን የመጣ የለውዝ ወተት ይግዙ፤ ካርቶኑ ላይ ቅጠል ተስሎበታል።

ባለፈው የካቲት በተከላው ቦታ በኩል ሳልፍ ችግኜን ልያት ብዬ ወረድኩ። ቦታዋን ያወቅኩት ስሜን የጻፍኩበት እንጨት ቆሞ ስለጠበቀኝ ነው። ችግኟ የለችም። በጣቴ ጫር ጫር ሳደርግ ጥቁሩ ፕላስቲክ ወጣ፤ አልተቀደደም፣ አልሳሳም፣ አፈሩን ሳራግፍለት ሌላ ችግኝ የሚይዝ ነበር። እዚያው መጣሉ ደስ አላለኝም። ዘንቢል ስላልያዝኩ በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት።