ጥፋቱ የቫይኪንጎቹ ነው

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን «ፓዝፋይንደር» የተሰኘውን የቫይኪንግ ፊልም ያየ ሁሉ በአዘጋጁ በማርከስ ኒስፔል ላይ አፉን ይከፍታል። ታሪክ አበላሸ ይሉታል። እኔ ግን ለሰውየው ጥብቅና ቆሜያለሁ። ያጠፉት ቫይኪንጎቹ ናቸው። ከሺህ ዓመት በኋላ ፊልም እንደሚሠራባቸው እያወቁ (ማወቅ ነበረባቸው!) ለካሜራ የሚመች ኑሮ አልኖሩም።

የራስ ቁራቸውን ተመልከቱ። በፊልሙ ውስጥ ወራሪዎቹ ከነቀንዳቸው ጫካ ለጫካ ሲጋልቡ ቅርንጫፍ እንዴት እንዳልያዛቸው እግዜር ይወቅ። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ ዬርሙንድቡ በተባለ ቦታ የተገኘው እውነተኛው ቁር ግን ልሙጥ ብረት ነው፤ ዓይን ላይ እንደ መነጽር ያለ መከለያ አለው፣ በቃ። ቀንድ አጥተው እንዳይባል የአጋዘን ቀንድ ሞልቷቸዋል። ምን ሠሩበት? ሚዶ! የዓለም አስፈሪ ወንበዴ ቀንዱን ለጸጉር ማበጠሪያ ሲያውለው ምን ይባላል? አንድ የእንግሊዝ ታሪክ ጸሐፊማ በየቀኑ ያበጥራሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ሴቶቻችንንም በዚህ ያማልሉብናል ብሎ አማርሯል። ኒስፔል ይህን ነውር ሸፍኖላቸው ጭቃና ጥላሸት ቢቀባቸው ውለታ አይደለም?

ቀንዱንም ቢሆን ከሜዳ አላመጣውም። በ1876 ባይሮይት ላይ የዋግነር ኦፔራ ሲታይ ካርል ኤሚል ዶፕለር የተባለ አልባሳት ነዳፊ ለአንዳንድ ተዋንያን ቀንዳም ቁር አዘጋጅቶላቸው ነበር። ጀርመናዊው ኒስፔል የአገሩን ልጅ አምኖ ሠራ። መቃብር ቆፋሪ አርኪዮሎጂስት ከኦፔራ ይበልጣል እንዴ?

ስለ ቋንቋው ደግሞ ላመስግን። ወራሪዎቹ አይስላንድኛ ይናገራሉ፣ ከሥር ትርጉም ይጻፍላቸዋል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ግን በእንግሊዝኛ ያወጋሉ፤ የእንግሊዝ መርከብ ሊደርስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሲቀሩት፣ ቋንቋው ቀድሞ ገብቷል።

የታሪኩ ነገር ግን የባሰ ነው። ቫይኪንጎች አሜሪካ መድረሳቸው እውነት ነው፤ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ፣ ላንስ ኦ ሜዶውስ በተባለው ቦታ የሣር አፈር ቤቶቻቸው ፍርስራሽ አለ፤ በ1021 በብረት የቆረጡት እንጨትም ተገኝቷል። እዚያ ስላደረጉት የአይስላንድ ሳጋዎች ሲተርኩ ግን ፊልም ሠሪን ያሳፍራሉ። ቀይ ጨርቅ በጸጉራም ቆዳ ለወጡ። ገበያው ደርቶ ሳለ የቫይኪንጎቹ በሬ እያገሳ ከጫካ ወጣና ነባሮቹን አስበረገጋቸው። (በዚያ አገር ሰው ያስፈራው ቀንድ የዚህ በሬ ብቻ ነበር።) ከሳምንታት በኋላ ነባሮቹ ተመልሰው መጡና ውጊያ ሆነ፤ ቫይኪንጎቹም ይህ አገር ሰላም አይሰጠንም ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የአገሩ ሰው ማንንም አዳኝ ሳይጠራ አገሩን አስከበረ ማለት ነው። ይህ ይታያል? ትኬት ይሸጣል? ስለዚህ ፊልሙ ነባሮቹን በጅምላ አሳርዶ፣ የሚዋጋላቸው ጀግና ከዚያው ከቫይኪንጎቹ ዘር ተጥሎ የቀረ ልጅ እንዲሆን አደረገ።

ይህንንም ያደረገው የሌላ ሰው ፊልም አርሞ ነው። በ1987 ኒልስ ጋውፕ በወገኖቹ በሳሚዎች (በሰሜን አውሮፓ ነባር ሕዝብ) ቋንቋ በኖርዌይ በረዶ ላይ የሠራው ፊልም ለኦስካር ታጭቶ ነበር። እዚያ ቤተሰቡ የታረደበት የሳሚ ልጅ፣ ቹድ የተባሉትን ወራሪዎች መንገድ አሳያችኋለሁ ብሎ በብልሃቱ ገደል ይከታቸዋል። ኒስፔል ገደሉን ወዶታል፤ ወስዶታልም። ልጁን ነው ያልወደደው፤ ከሟቾቹ ወገን መሆኑ ቅር ቢለው ወደ ገዳዮቹ ወገን ቀየረው።