የግቢ መረጣ ኮሚቴ

ሰሞኑን በቤቴ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። የልጅ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አለፈች። እሰየው፤ በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ተጠጣ። በ2014 ዓ.ም. ያን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩና፣ ከዚያ ወዲህ ያለፈ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ሙሽራ የዳረ ያህል ይኩራራል። እኔም ተኩራርቻለሁ፣ አልዋሽም። ጣጣው የመጣው በጉ ካለቀ በኋላ ነው።

«አባባ፣ አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መምረጥ አለብኝ» አለችኝ፣ ስልኳን እንደ ዳዊት ደረቷ ላይ ይዛ።

«ምን ልትማሪ አሰብሽ?»

ዕድሜዬ አሳዘናት መሰለኝ፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «እሱ ከፍሬሽማን በኋላ ነው የሚመረጠው። አሁን የሚመረጠው ግቢው ነው።»

ነገሩ እውነት ነው። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ከመጣ ወዲህ ልጆቹ መጀመሪያ የሚማሩበትን ይመርጣሉ፤ የሚማሩትን ገብተው ይደርሱበታል። ሙሽራዋን ሳያዩ የሠርግ አዳራሽ መከራየት ማለት ነው። ለነገሩ እኔ ባለቤቴን ያገኘኋት በሽማግሌ ስለሆነ በዚህ ብዙ መናገር አይገባኝም።

«ግቢ» የሚለው ቃል ራሱ ያናድደኛል። በእኛ ጊዜ ግቢ የሚባለው የንጉሥ ነበር። «ግቢ ገባ» ከተባለ ሰውዬው ወይ ሊሾም ነው፣ ወይ ሊታሰር። አሁን «ግቢ ገባች» ሲሉ ባልዲ፣ ብርድ ልብስና የቁም ሳጥን ቁልፍ ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች ማለታቸው ነው።

የልጅቱን መመዘኛ ልዘርዝርላችሁ። ዶርም ውስጥ ስንት ሆነው ነው የሚያድሩት? ኔትወርክ አለ? ላውንጁ ምን ይመስላል? ከካፌው መብላት ግድ ነው ወይስ ብሩን ተቀብሎ «ነን ካፌ» መሆን ይቻላል? ከተማው ውስጥ ሐይቅ አለ? ቅዳሜ ማታ የት ነው የሚኬደው? መምህራኑ እነማን እንደሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምን እንዳለው አንድ ጥያቄ አልሰማሁም። ፈተናውን የወሰደችው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለነበር፣ በእነዚያ ጥቂት ቀናት የዶርም ሊቅ ሆና ነው የተመለሰችው። ስለ ፈተናው ስጠይቃት «ደህና ነበር» ብላ ዘለለችው፤ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ግን ግማሽ ሰዓት አስተማረችኝ።

ከሁሉ የገረመኝ የዘር ቆጠራው ነው። «ፈርስት ጀነሬሽን ካልሆነ አልገባም፤ ፎርዝ ጀነሬሽን ከደረሰኝ አለቀልኝ» ትላለች። መጀመሪያ ስለ ስልክ የምታወራ መስሎኝ ነበር። ለካ ዩኒቨርሲቲም እንደ ሰው ትውልድ ይቆጠርለታል። ቀደም ብለው የተቋቋሙት ባላባቶች ናቸው፤ ዘግይተው የመጡት ደግሞ አጥንታቸው ይጠየቃል። እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥር ነበር፤ ዘመናዊ ነን የሚሉት ለዶርም እስከ አራተኛ ይቆጥራሉ።

እንግዲህ ስለ ባላባቶቹ ከተነሳ እኔ ልናገር። እነዚህን ሁሉ ሕፃን ሳሉ አውቃቸዋለሁ። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. ሲጀምር የጤና ኮሌጅ ነበር፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጽዳት ባለሙያ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይሰድ ነበር። የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በመጡ መምህራን ነው የቆመው። ባሕር ዳር ሶቪየቶች ፖሊቴክኒክ ሠሩ። አርባ ምንጭ በደርግ ዘመን ሲከፈት የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ስሙ ራሱ ምንጭ አይደል? ስለዚህ ስም የሚወጣው በሥራ ነበር። ስለ ጤና ከሆነ ጎንደር፣ ስለ ውኃ ከሆነ አርባ ምንጭ፣ ስለ በሬና ማሽላ ከሆነ አለማያ ይባላል፤ ክርክር የለም።

ዛሬ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሁሉም አካውንቲንግ ያስተምራል። መንግሥትም ይህን አይቶ ነው መሰል «የምርምር»፣ «የአፕላይድ»፣ «አጠቃላይ» እያለ መደባቸው፤ ስምንቱን የምርምር አላቸው። የልጅ ልጄ ይህን ምደባ ሰምታው አታውቅም። እንዲያውም እኔ ስነግራት «የምርምር ከሆነማ ይከብዳል ማለት ነው» ብላ አንዱን ከዝርዝሯ ልትሰርዝ ነበር፤ እግዜር ይስጣት፣ እናቷ እጇን ያዘችልኝ። እንግዲህ ሁሉም ሁሉን የሚያስተምር ከሆነ ልጅቷ በምን ትለያቸው? በሐይቁ! ሐዋሳ ሐይቅ አለው፣ ባሕር ዳር ጣና አለው፣ አርባ ምንጭ ሁለት አለው። እያደር ሳስበው ስድቤ ያለቦታው እንደዋለ ገባኝ። ሞኝ አይደለችም፤ ዕቃው አንድ ዓይነት ሲሆን ገበያተኛ ማሸጊያውን ነው የሚያየው።

አዲስ አበባስ? እዚሁ ሽሮ ሜዳ እየኖርን፣ ከበራችን ወጥቶ ቁልቁል መውረድ ብቻ የሚበቃው! ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ያወጣል፤ «ተፈተኚ» አልናት። «አባባ፣ ስድስት ኪሎ ገብቼ ማታ ማታ እዚሁ ለሽሮ ልመለስ? ያ ግቢ ላይፍ ነው?» አለች።

ደሜ ፈላ። «ልጄ፣ ያ ቦታ እኮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው! ንጉሡ የሚኖሩበትን ቤት ነው በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት!» አልኳት። «ተማሪዎቹስ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡባቸው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ፣ «አጭር ቀሚስ ባህላችንን ሊያጠፋ ነው» ብለው ግቢውን ቀወጡት። የልጅ ልጄ ይህን ስትሰማ ስልኳን አስቀመጠች፤ በታሪክ ንግግሬ ስልኳን ስታስቀምጥ የመጀመሪያዋ ነው። «ፋሽን ሾው ተቃወሙ?» አለች፣ ቅኝ ግዛት የተቃወሙ ያህል ተገርማ። ከዚያ ስልኩን መልሳ አነሳችና የአንዱን ዩኒቨርሲቲ የተመራቂዎች «ከለር ደይ» በቲክቶክ አሳየችኝ። ልጆቹ ዱቄት ይረጫጫሉ፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሮዝ። በእኛ ጊዜ ዱቄት ለእንጀራ ነበር።

ኮሚቴው እየሰፋ ሄደ። አክስቷ ከሲልቨር ስፕሪንግ በየማታው እየደወለች «በአፍሪካ ስንተኛ ነው?» ትላለች። እሷ ራሷ እዚያ አገር ስትደርስ የገባችው ሰፈሯ ያለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ነርስ ሆነች፣ ደህና ሰው ወጣት። ስንተኛ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ እኛም ብር በላከች ቁጥር አልጠየቅናትም። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሻለቃ አገሩን የሚያውቀው በአየር ጠባይ ነው፤ «ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰመራ ሙቀቱ ያቀልጣል፤ ልጅቷን አታስፈጇት» ይላል። አጎቷ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳ ስለነበር ዩኒቨርሲቲ የሚመርጠው በአስፋልቱ ነው። ባለቤቴ ደግሞ የግቢ ጉባኤው ጠንካራ የሆነበትን ፈልጋ ታስጠይቃለች፤ ልጅቷ በጸሎት እንድትጠበቅ።

እናቷ ግን ዝም ብላ ትሰማለች። አንድ ማታ ሁሉም ሲበተን «አባዬ፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ ሰላም ነው?» አለችኝ። በዚህ ላይ ላሾፍ አልቻልኩም። እኔ በ1963 ዓ.ም. ወደ ኮሌጅ ስሄድ እናቴ የፈራችው ወባንና የከተማ ሴትን ብቻ ነበር። አሁን እናቶች ካርታ ዘርግተው ከተማ በከተማ እየነኩ «በዚህስ ይታለፋል?» ይባባላሉ። ስለ ካፌና ስለ ሐይቅ የፈለጋችሁትን ያህል አብሬያችሁ አማርራለሁ፤ ይህን ግን የምስቅበት ጥርስ የለኝም።

ወደ ጸቡ ልመለስ። እሑድ ዕለት ምሳ ላይ ሁሉም ተሰብስቦ ሳለ ንግግር አደረግሁ። ቆሜ ነው ያደረግሁት። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ!» አልኩ። ትውልዱ ለዕውቀት ሳይሆን ለምቾት እንደሚሄድ፣ እኛ ግን ለአገር ስንል ዐይናችንን ጨፍነን እንደሄድን፣ ከደሴ በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ከለገሃር በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያም የደንገጎን ዳገት በጭነት መኪና ሽቅብ፣ ለአለማያ የእርሻ ትምህርት ስንል…

«ለወተቱ ነው እንጂ» አለች ባለቤቴ፣ እንጀራ እየጨመረች።

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ምን ወተት?» አለች የልጅ ልጄ። ጆሮዋ ያለ ልማዱ ቆመ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ። ማትሪክ ወስጄ ውጤት ስጠብቅ፣ በዕድሜ የሚበልጠን የሰፈራችን ልጅ ከአለማያ ለእረፍት ደሴ መጣ። ሲሄድ ሸንበቆ ነበር፤ ሲመለስ ጉንጩ ሞልቶ መጣ። ከበን ስንጠይቀው «ኮሌጁ የራሱ ላሞች አሉት፤ ጠዋት ጠዋት ወተት አለ፣ እንቁላል አለ» አለን። እኔ ደግሞ ከሰባት ወንድሞችና እህቶች መካከል አምስተኛ ነኝ፤ እኛ ቤት ወተት የሕፃን ነው። በዚያ ሌሊት ስለ አገር አላሰብኩም። ማመልከቻ ስሞላ አንደኛ ምርጫዬ ላይ የጻፍኩት በአእምሮዬ ሳይሆን በሆዴ ነበር። ይህን ምሥጢር በሕይወቴ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያቺም ሴት አሁን እንጀራ ይዛ ቆማ ታየኛለች።

ወተቱ ነበረ፣ አልተዋሸሁም። ሐይቅም ነበረ፤ ያኔ ሞልቶ የሚታይ ትልቅ ሐይቅ ነው፣ ምሽት ላይ በዳርቻው እንራመድ ነበር። እኛ ከወጣን ከብዙ ዘመን በኋላ ደረቀ ሲሉ ሰምቼ፣ ዘመድ የሞተብኝ ያህል ነበር ያዘንኩት። ብቻ ወተቱን ፍለጋ ሄጄ ላሞቹን ወደድኳቸው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጥቶ ሁላችንንም ወደ ገጠር ሲበትነን፣ የደረስኩበት ቀበሌ የዘማች ካኪ ለብሼ ያደርኩት የገበሬ ላም ሳዋልድ ነው። ከዚያም እስከ ጡረታዬ በእንስሳት እርባታ ሥራ ላይ ነበርኩ። ወተት ብዬ ገብቼ ዕድሜዬን ሙሉ ላም ተከትዬ ኖርኩ።

«እና አባባ፣ አንተ በካፌ ነው የመረጥከው?» አለች ያቺ ልጅ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቴ ውስጥ ቃሌ አይሰማም። ኮሚቴው ያለ ሰብሳቢ ቀረ። እናቷ አንድ ዝርዝር በወረቀት ጻፈች፣ አክስቷ ሌላ ዝርዝር ላከች፣ ሻለቃው በቃል ጨመረ። ልጅቷ ሁሉንም «እሺ» ብላ ተቀብላ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቃ የራሷን ሞላች። ሐዋሳን አንደኛ፣ ባሕር ዳርን ሁለተኛ አድርጋ፣ ሌሎቹን በሐይቅ ቅርበት ደርድራ።

ምደባው ሲወጣ አርባ ምንጭ ደረሳት። ስንተኛ ላይ እንደጻፈችው ልትነግረን አልፈለገችም፤ ከፊቷ እንደማነበው ከታች ነበር። ሦስት ሳምንት ያከራከረን ነገር በአንድ መስመር አለቀ። ልጅቷ ግማሽ ቀን አለቀሰች፤ ከሰዓት በኋላ የግቢውን ፎቶ አየችና እምባዋን ጠረገች። ማታ «ሁለት ሐይቅ አለው እኮ» ስትል ሰማኋት። አክስቷ ደውላ ስንተኛ እንደሆነ ጠየቀች። ባለቤቴ በሶ ፈጨች፣ ዳቦ ቆሎ ቆላች፣ ድርቆሽ አደረቀች። እናቷ አጎቷን ጠርታ በሶዶ በኩል ያለውን መንገድ ከተማ በከተማ አስቆጠረችው።

እኔ ደግሞ ሁሉም ሲተኛ ወደ ጓሮ ወጣሁና ስልኬን አነሳሁ። አብሮኝ የሠራ የእርባታ ባለሙያ ጡረታ ወጥቶ አርባ ምንጭ ነው የሚኖረው። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሙዙ ዋጋ ከጠየቅሁት በኋላ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ስማ፣ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ የሆነ፣ የሚታለቡ ላሞች ያሉት እርባታ ታውቃለህ?»

ሳቁን ለመጨረስ ጊዜ ወሰደበት። «ወንድሜ» አለኝ፣ «በዚህ በኩል ስሙ የወጣው እርባታ የአዞ ነው።»

ለእሷ አልነገርኳትም።