ውዳሴ ለቀይ መብራት

ባሕር ማዶ ተቀምጦ ያላየውን ተማሪ የሚያውቅ፣ ያልሰማውን ድካም የሚሰፍር፣ ያልጠየቀውን ችግር የሚፈታ ጥበብ በዘመናችን ስለ ተገለጠ፣ ቀን በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ ውስጥ በፈረቃ እየሠሩ ሌሊት በኦንላይን የውጭ አገር ትምህርት የሚከታተሉ ልጆች ያሉን ሰዎች፣ ለዚህ ጥበብ የሚገባውን ውዳሴ ሳናቀርብ ብንቀር ውለታ ቢስ መባል አይቀርልንም። በባለቤቶቹ አንደበት ለርኒንግ አናሊቲክስ የሚባለው ይህ ጥበብ፣ ተማሪው ስንት ጊዜ እንደ ገባ፣ የትኛውን ገጽ እንደ ነካ፣ ቪዲዮውን በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳቋረጠ እየመዘገበ፣ ከዚህ ሁሉ ድምር ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ አስቀድሞ ይናገራል። ሊቃውንታችን በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ አውጥተው የጾሙን መግቢያ ሲያውቁ ኖረዋል፤ የተማሪን ዕጣ በጣት ንክኪ ብዛት ለማውጣት ግን አልደፈሩም። ምስኪኖች፣ ልጁን ከወንበራቸው ሥር አስቀምጠው «እስቲ ያለፈውን አሰማኝ» ከማለት በቀር ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም።

የጥበቡ ትሩፋት እንዲገለጥልን በሳቢያን ሠፈር የሚኖር አንድ ወጣት በኅሊናችን እንሳል። ማለዳ በሠራተኞች ሰርቪስ ተሳፍሮ ፓርኩ ይገባል፤ ከፈረቃው ሲወጣ የድሬ ሙቀት ገና አልበረደም፤ የሌሊቱ ፓኬጅ ከቀኑ ስለሚረክስ ደግሞ የሳምንቱን ትምህርት ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ ስልኩ ያወርድና የቀሩትን ስድስት ቀናት ያለ ኔትወርክ ያነባል፤ ያልገባውን በደብተር ይጽፋል፣ በምሳ ሰዓት ከባልደረባው ጋር ይከራከርበታል። የጥበቡ መመልከቻ ሰሌዳ የሆነው ዳሽቦርድ ግን ደብተር አይቆጥርም። አንድ ሌሊት ብቅ ብሎ ስድስት ቀን የተሰወረ፣ ያውም ሰው በሚተኛበት ሰዓት የሚገባ፣ ጠባዩ ያልረጋ ተማሪ መሆኑን አይቶ ቀይ መብራት ያበራበታል፤ «ናፍቀኸናልና ተመለስ» የሚል ደብዳቤም ይልክለታል። ኔትወርክ ላጣ ሰው፣ ኔትወርክ ላይ እንዳልታየ የሚያሳስብ ደብዳቤ፣ በዚያው በጠፋው ኔትወርክ! ይህን ርኅራኄ የማያደንቅ ልቡ የደነደነ መሆን አለበት።

ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍም ማየት ነው። የመመዝገቢያው ቅጽ የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅና የእኛ ሰው ከአባቱ ስም በቀር የሚሞላው ስለሌለው፣ ተግሣጹ በቀጥታ ለአባትየው ይደርሳል፤ ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለሉ ሽማግሌ በእርጅናቸው ዘመን ባላዩት ዩኒቨርሲቲ የቤት ሥራ ባለማስረከብ ይወቀሳሉ።

መሣሪያው በመዓልትም በሌሊትም አለመተኛቱ የታየው በክፉ ቀን ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረ የኦንላይን ተማሪ ሁሉ በአንድ ቀን ሰነፈ። ዩቲዩብና ቴሌግራም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ተገድበው በነበሩበት ጊዜ ደግሞ፣ ትምህርቱን ለማየት ቪፒኤን የከፈተ ልጅ ከሳቢያን ሳይወጣ ማታ አምስተርዳም፣ ንጋት ላይ ሲንጋፖር ሆኖ ተመዘገበ። እንዲህ ያለ መንገደኛ በዘመነ ነቢያት እንኳ አልተሰማም።

ድሬዳዋ በመሠረተ ልማት ተረስታለች ብዬ እንዳላማርር ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ይመሰክርብኛል፤ በዚያው በአንድ ወር የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና እዚህ ተመረቀ፣ ሳፋሪኮምም ከከተሞች ሁሉ አስቀድሞ ኔትወርኩን የከፈተው እዚሁ ነው። በፓርኩ አጠገብ የሚያልፈው ኮንቴይነር ቁጥር ተለጥፎበት የት እንደ ደረሰ ቢታወቅ መልካም ነው፤ ኮንቴይነር ለምን እንደ ዘገየ የሚናገርበት አፍ የለውምና። ተማሪ ግን አፍ አለው።

ይህን ሁሉ ስናገር የቀዩን መብራት ታሪክ የማያውቅ ሰው ስም ማጥፋት ይመስለው ይሆናል። በአሜሪካ ኢንዲያና የሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ፣ ኮርስ ሲግናልስ በሚባል ሥርዓት ተማሪዎቹን በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ መብራት ለይቶ ነበር፤ መብራት ያለባቸውን ብዙ ኮርሶች የወሰዱት ከትምህርት ገበታቸው ሳይለዩ ቆዩ ተብሎም ዝናው በዓለም ተሰማ። በ2013 ግን ነገሩን በጥሞና የመረመሩ ሰዎች፣ ብዙ ኮርስ ሊወስድ የቻለው ቀድሞውንም የቆየው ተማሪ መሆኑን አሳዩ። ሽማግሌዎች ብዙ ፋሲካ አክብረዋልና ፋሲካ ማክበር ዕድሜ ያስረዝማል እንደ ማለት ነው።

በአቃቂው ማእከሉ በኩል ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያስተማረው የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ የዩኒሳ መምህር ፖል ፕሪንስሉም፣ በእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከነበሩት ከሻሮን ስሌድ ጋር ሆነው፣ በዚሁ በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፣ ተማሪን እንደ መረጃ ምንጭ ብቻ ሳይሆን እንደ ጉዳዩ ተካፋይ ማየት እንደሚገባ አስረድተው ነበር። ደግነቱ ጽሑፉ ቀለም የለውምና ዳሽቦርድ ላይ አልወጣም።

እኛስ ከማን አንሰን! ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና፣ በውጭ የኦንላይን መድረክ የሚሰጥ፣ በሐሳቡም የሚመሰገን ሆኖ ሳለ፣ በየስብሰባው የሚቀርበው ሪፖርት ይህን ያህል ሰው ተመዘገበ፣ ይህን ያህሉ ሰርተፍኬት ወሰደ የሚል ነው፤ ከሰርተፍኬቱ በኋላ አንዲት መስመር ኮድ ጽፎ ያሠራው ስንቱ እንደ ሆነ ሲነገር ግን እኔ አልሰማሁም። ቁጥሩን የሚያውቅ ሁሉ ሰውየውን ያወቀ ይመስለዋል።

እንግዲህ እናንተ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲዎች፣ መብራታችሁን አጥፉ አልላችሁም፤ ለተከለው ሰው እንጀራ ነው። ትምህርቱን ያለ ኔትወርክ የሚነበብ አድርጋችሁ አዘጋጁት፤ የፈተናውን መዝጊያ በተማሪው አገር ሰዓት ጻፉት፤ ልጁ ሲሰወርባችሁም ከቀዩ መብራት በፊት «ምን ገጠመህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም መሣሪያው ሳይሆን ሰው ያንብበው።