ጥፋተኛው አፈሩ ነው

ደብረ ማርቆስ ላይ ሕንፃ ተሰነጠቀ ከተባለ ጥፋተኛው ወዲያው ይታወቃል። ባለቤቱ፣ ኢንጂነሩ፣ ኮንትራክተሩ፣ ፎርማኑና ለሳኙ በአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ እንኳ የማይስማሙ ሰዎች ቢሆኑም እዚህ ላይ ቃላቸው አንድ ነው፤ አፈሩ ነው። አፈር ጠበቃ አያቆምም፣ ይግባኝ አይልም፣ የማንም ዘመድ አይደለም። ከዚህ የተሻለ ተከሳሽ ከየት ይገኛል?

ምስክርነቱ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ያገሩ ጥቁር ዋልካ ክረምቱን ውኃ ሲጠጣ ከርሞ ያብጣል፤ በጋው ሲጠና ይኮማተርና የእረኛ ዱላ የሚያስገባ ንቃቃት ያወጣል። የድሮው ጭቃ ቤት ይህን ጠባይ ችሎት ይኖር ነበር። ቋሚውም ማገሩም እንጨት ስለሆነ መሬቱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ግድግዳው ቢነቃ እናቶች ጭቃ ከጭድ አቡክተው ይመርጉታል፤ የሚካሰስ የለም። ብሎኬት ግን ግትር ነው። መሬቱ ሲያጎነብስ አብሮ ማጎንበስ ስለማያውቅ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ እስከ ሶሌታው ይሰነጠቃል። መድኃኒቱም ከታወቀ ቆይቷል፤ መሠረቱን አፈሩ ከሚያብጥበትና ከሚኮማተርበት ጥልቀት በታች ማውረድ ወይም ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በማያብጥ ሙሌት መተካት፣ ውኃውንም ከሕንፃው ሥር ማራቅ ነው። ከእነዚህ የቱ እንደሚበጅ ለመወሰን ግን አስቀድሞ አፈሩን ማስመርመር ያስፈልጋል። ጨዋታው የሚደምቀው እዚህ ላይ ነው።

«ሶይል ቴስት ያስፈልጋል ጋሼ» ይላል ወጣቱ ኢንጂነር።

«ለምኑ?»

«አፈሩን ለማወቅ ነዋ።»

«አፈሩንማ አያቴ አርሶታል። ጤፍ ይወድዳል።»

ጋሼ ገንዘብ ስላጠራቸው አይደለም። ለሕንፃው ፊት መስታወት ከአዲስ አበባ ሲያስመጡ ዋጋ አይከራከሩም። መሬት ውስጥ የሚቀበር ብር ግን ለመንገደኛ ስለማይታይ ያንገበግባቸዋል። ኢንጂነሩ በዚህች ሰዓት «ምርመራው ይደረግ ብዬ ነበር፤ ባለቤቱ አልተቀበሉም» የምትል አጭር ደብዳቤ ጽፎ፣ ቀን አስቀምጦ፣ ቢያስፈርምባት ምን ነበረበት? ደብዳቤዋ ብቻዋን ነጻ አታወጣውም፤ በማያውቀው አፈር ላይ ንደፍ ብሎ ያስገደደው የለምና። ቢያንስ ግን ማን ምን እንዳለ ትናገር ነበር። ችግሩ ጋሼ ከአባቱ ጋር አንድ ማኅበር መጠጣታቸው ነው። ለማኅበርተኛ ደብዳቤ አይጻፍም። ስለዚህ ከወዲያ ማዶ ለተሠራ የሰው ሕንፃ የተዘጋጀ የአፈር ምርመራ ፎቶ ኮፒ ይገኝና ከፕላኑ ጋር ይጠረዛል። ዋልካ እንደሆነ ሁሉም ዋልካ ነው፣ አይደል?

ኮንትራክተሩ በበኩሉ ማስረጃ የሚጠቅሰው ከዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲወጣ ጃፓኖች የሠሩትን አስፋልት ተራራው እየተንሸራተተ ሲያጣምመው ያላየ ጎጃሜ የለምና «ጃፓን ያልቻለውን መሬት እኔ ልችለው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጠያቂው ሁሉ ዝም ይላል፤ ከጃፓን ጋር ማን ይወዳደራል? ጃፓኖቹ መሬቱ መንሸራተቱን ካዩ በኋላ ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆነው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ መለኪያ ቀብረው፣ እንቅስቃሴውን ሲከታተሉ መክረማቸውን ግን ኮንትራክተሩ አይጨምርም። ከጃፓን የወሰደው ሰበቡን ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሰበብ ቀድሞ የሰማው ይመስላል። አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ጥራትና ጥንካሬ ርክክብ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። በዚያ አያቆምም፤ ሥራው የጠፋው ወይም የተበላሸው በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሕንፃው በቆመበት መሬት ጠባይ ምክንያት ቢሆንም ተቋራጩ ተጠያቂ እንደሆነ ይደነግጋል። ቀጥሎም ዘመኑን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም ብሎ በሩን ይዘጋል። ሕጉ ሲረቀቅ ከአርቃቂዎቹ አንዱ ዋልካ ላይ ቤት ሠርቶ ሳይሆን አይቀርም።

በሥራው ላይ ያሉት ሰዎች በቃላቸው የሚያውቁት ቁጥር ግን 10 ሳይሆን 1 ነው። በጊዜያዊ ርክክብና በመጨረሻው ርክክብ መካከል የተለመደችው አንድ ዓመት ስታልፍ፣ የተያዘችው የመያዣ ገንዘብ ስትለቀቅ፣ ኮንትራክተሩ ከኃጢአቱ የነጻ ያህል ይቀልለዋል። ነዳፊውማ ከዚያም በፊት ነው የቀለለው፤ ፕላኑ የጸደቀለት ዕለት። እሱንም ቢሆን ሕጉ አልረሳውም። በአንቀጽ 2031 መሠረት ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት። ከውል የሚመነጭ ጥያቄም ሌላ ካልተባለ በቀር በይርጋ የሚታገደው በ10 ዓመት ነው። የሕንፃው ባለቤት ደግሞ በአንቀጽ 2077 ሕንፃው በሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ባያስበውም እንኳ፣ ራሱ ይጠየቅና ከዚያ ወደ ሠሪው ይዞራል። ጤፍ የሚወድደው አፈር የሌለበት ሰንሰለት ነው።

ስለ ማኅተም ሳልናገር ባልፍ ማኅተሞቹ ይቀየሙኛል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸውንና ከ12 ሜትር በላይ የሆኑትን «ሐ» ብሎ፣ ባለሙያዎቻቸው በዚያው ልክ ከበድ ያሉ እንዲሆኑ ጠየቀ። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ስም ያለበት ሰው ይጠየቃል ነው ነገሩ። ስም ግን ይከራያል። አንዳንዱ ባለ ፈቃድ መሐንዲስ አዲስ አበባ ተቀምጦ ማኅተሙ ብቻውን ክፍለ ሀገር ይዞራል፤ ማኅተሙ ያየውን ከተማ ባለቤቱ አላየውም። በዚህ ንግድ ትርፉ ወዲያው ይቆጠራል፤ ዕዳው ግን የ10 ዓመት ቀጠሮ ስላለው የለም ማለት ነው። ማኅተሙ የሌላ፣ ንድፉ የሌላ፣ ክትትሉ የማንም በሆነበት ሕንፃ ላይ ጥፋት ቢመጣ ዳኛው ፊት የሚቆመው ስሙ የተጻፈው ሰውዬ ነው፤ «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ሕንፃውን አላውቀውም» ማለቱም መከላከያ ሳይሆን ሁለተኛ ክስ ነው።

ሳያዩ ማተም የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስለን። በ1973 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ከላይ የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያ ድልድዮች በግብዣ ሰዓት ወርደው 114 ሰው ገደሉ። መጀመሪያ ሁለቱንም ድልድዮች አንድ ወጥ ዘንግ እንዲሸከማቸው ነበር የታሰበው። ብረት ሠሪው ለመገጣጠም እንዲቀልለው ዘንጉን ለሁለት ከፈለው፤ የታችኛው ድልድይ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ፤ የላይኛው ማያያዣም እጥፍ ጭነት ተሸከመ። ቀድሞውንም ማያያዣው ደንቡ የሚጠይቀውን አቅም አልነበረውም። ለውጡ በስልክ ተፈቅዷል፣ አልተፈቀደም የሚል ክርክር ተነሳ፤ በሥዕሉ ላይ ግን የመሐንዲሱ ማኅተም ነበር። መሐንዲሶቹ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

በስልክ የሚለወጥ ሕንፃ የሚፈልግ ካንሳስ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም። «ኢንጂነር፣ ባለ 20 ፌሮ ከገበያ ጠፋ፣ በ16 ብናስረውስ?» ይላል ፎርማኑ። ኢንጂነሩ ለቅሶ ቤት ነው፤ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ስንት ፍሬ ተብሎ አይጠየቅም። «እሺ፣ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ እሰሩት» ይልና ስልኩን ይዘጋል። ያቺ «ጠጋ ጠጋ» በየትኛው የሳይት መዝገብ ላይ እንደምትጻፍ እስቲ ንገሩኝ። መዝገቡ ራሱስ የት አለ? ሲሚንቶ ከወጣበት ከረጢት ጋር አብሮ ተቃጥሎ ሻይ ፈልቶበታል።

ታዲያ ኢንጂነሩ ራሱን ጨርሶ አይጠብቅም ማለት አይደለም። በየፕላኑ ግርጌ «ማንኛውም ልኬት በሥራ ቦታ ይረጋገጥ» ብሎ ይጽፋል። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ሰሙን አንብቦ ወርቁን ለሚፈልግ፣ ወርቁ «ብሳሳት እኔ የለሁበትም» ነው። ዳኞች ግን ቅኔውን አድንቀው ካሳውን ያስከፍላሉ።

ርክክቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ቲያትር ነው። ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የእሳት ማጥፊያ መስመር ሁሉም ከነጭነታቸው ተሞክረው፣ ተለክተው፣ ውጤታቸው ተጽፎ፣ የሚያንቀሳቅሳቸው ሰው ሠልጥኖ መረከብ ነበረባቸው። የሚሆነው ሌላ ነው። ጄኔሬተሩ በምርቃቱ ጠዋት በተቀዳለት ናፍጣ ያጓራል፤ ታንከሩ በቦቴ በመጣ ውኃ ይሞላል፤ ሊፍቱ እንግዳውን አንድ ጊዜ ያወጣዋል፣ እንግዳው በደረጃ ይወርዳል። ሪቫን ይቆረጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የርክክብ ሰነዱ ላይ «በመልካም ሁኔታ ተረክበናል» ተብሎ ይፈረማል። የፈረመው አማካሪ መሐንዲስ ያቺ ፊርማ የእሱንም የተጠያቂነት ሰዓት እንዳስነሳች አይሰማውም፤ አይኑ ጠጁ ላይ ነው። በዓመቱ ሊፍቱ የቢራ ሳጥን ማስቀመጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንዲያውም ይህ የተሻለው ነው፤ ሊፍቱ ሳይገዛ ጉድጓዱ ብቻ በኮምፔርሳቶ ተሸፍኖ ልጆች የሚሮጡበት ሕንፃ አለና።

ይህን ሁሉ ዕዳ የሚሸከም የሙያ ኃላፊነት መድን አለ። ባለሙያዎቻችን ያውቁታል፤ ጨረታ ሲወጣ ይገዙታል። ከጨረታው ሰነድ ጋር ታሽጎ ይገባል፤ ሥራው ከተያዘ በኋላ የሁለተኛው ዓመት አረቦን የሚከፈልበት ምክንያት አይታያቸውም። እንዲህ ያለው መድን ግን በአብዛኛው የሚመለከተው ንድፉ የተሠራበትን ቀን ሳይሆን የካሳ ጥያቄው የቀረበበትን ቀን ነው። ስንጥቁ በአምስተኛው ክረምት ከመጣና ውሉ በመጀመሪያው ዓመት ከተቋረጠ፣ ኢንጂነሩ እጁ ላይ የቀረው የከፈለበት ደረሰኝ ነው።

አረቦኑን ሳያቋርጥ የከፈለው ጠንቃቃውስ? እሱን ደግሞ ሽምግልና ይጠብቀዋል። የመድን ውሉ ጥያቄ ሊነሳ እንደሚችል ስታውቅ ቶሎ አሳውቀኝ፣ ያለ እኔ ፈቃድም ጥፋትህን አትመን ይላል። ባገሩ ወግ ግን ጋሼ ከተቀየሙ መጀመሪያ የሚላከው ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ጥፋቱን ያላመነ ሰው አያስታርቅም። ኢንጂነሩ ሦስት አባቶችን አስከትሎ፣ ድንጋይ በትከሻው ይዞ፣ ጋሼ ደጅ ላይ ይንበረከካል።

«ምን አጠፋህ?» ይላሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«መሠረቱን አሳጥሬዋለሁ አባቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሰማህ ወይ? ልጁ አምኗል።»

እንዲህ ያለ የተሟላ የእምነት ቃል ፖሊስም አያገኝ። ምስክር አለው፣ ቀን አለው፣ ቄስም መርቆበታል። የመድን ድርጅቱ ጠበቃ ቢሰማው አልከፍልም ለማለት ሌላ ወረቀት አያስፈልገውም። ኢንጂነሩ ግን ደስ ብሎታል፤ ጋሼ ድንጋዩን ከትከሻው አንስተውለታል፣ ጉንጩን ስመውታል፣ ስንጥቁም በጂፕሰም ተደፍኖ ቀለም እንዲቀባ ተስማምተዋል። ጠቦት ታርዶ ጠላው ሲዞር ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጆሮው ይጠጋሉ።

«ስማ፣ ከጓሮ ያለውን ባዶ ቦታ ባለ ሦስት ፎቅ ልወጥርበት አስቤያለሁ። ያው አንተው ትሠራልኛለህ።»

ኢንጂነሩ እዚህ ላይ ትንሽ ያመነታል፤ ትምህርት ቤት የሰማው አንድ ነገር ትዝ ብሎታል።

«የአሁኑን እንኳ ውል ብንጻጻፍ አይሻልም ጋሼ?»

ትልቁ ሽማግሌ ጎድኑን አስቀምጠው ቀና ይላሉ። «ምን አልክ? እኛ ሦስት ሽማግሌ እዚህ ተቀምጠን?»

«ኧረ የለም አባቴ፤ ይቅርታ!» ይላል ኢንጂነሩ።

ቁፋሮው ኅዳር ላይ ይጀመራል ተብሏል።