የጓሮ ሰላጣ ባሕርይ፦ አጭር ጥናት

ይህ ጥናት የሚያተኩረው በአዲስ አበባ ጓሮዎች፣ በተለይም በውሃ ቧንቧውና በአጥሩ መካከል በምትገኘው ጠባብ መደብ ላይ ነው። ሰላጣ የኑግ፣ የሱፍና የአደይ አበባ ቤተሰብ መሆኑን የዕፅዋት ሊቃውንት ያውቁታል። ኑግና ሱፍ ለጾመኛው ዘይትና ፍትፍት ሆነዋል፤ አደይም በዓመት አንዴ ብቅ ብላ ይዘፈንላታል። ሰላጣ ግን ከመቶ 95 እጁ ውሃ በመሆኑ፣ ለቤተሰቡ ያስገኘው ክብር ገና አከራካሪ ነው።

ዘሩ ደቃቅ ነው፤ 1 ግራም ውስጥ 800 ያህል ይገኛል። ለመብቀል ብርሃን ስለሚወድ አፈር ሳሳ አድርጎ መነስነስ ይበቃዋል። አባወራው ግን ባቄላ ሲዘራ ያየ ሰው ነውና ጣቱን እስከ አንጓው ሰድዶ ይቀብረውና ዘር ሻጩን ይረግማል። ከላይ የቀረው ደግሞ እንደ ጠዋት ታክሲ ተጠቅጥቆ ይበቅላል። ማሳሳት ግድ ነው ቢባልም «የበቀለን ነገር እንዴት እነቅላለሁ?» የሚል የርኅራኄ ተቃውሞ ይነሣል።

የቅጠል ሰላጣ ትልቁ ጥቅም ዳር ዳሩ ሲቀነጠስ ከመሃል መልሶ ማቆጥቆጡ ነው። ተዘርቶ በ45 እና በ60 ቀን መካከል ለገበታ ይደርሳል። የጥናቱ ዋና ግኝት እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቱ አይቀነጥሰውም። «ተዪው እንጂ፣ እሑድ እንግዳ አለ፤ ይታይ!» ይላል። እሑድ እንግዳው መደቡን ይጎበኛል፤ ምሳ ላይ የሚቀርበው ሰላጣ ግን ልጅ ተልኮ ከጉሊት የመጣው ነው። ይኸኛው የአቃቂን ወንዝ ጠጥቶ ያደገ እንዳይሆን ስለሚፈራ በአቼቶ ይዘፈዘፋል፣ ይታጠባል፣ ደግሞ ይታጠባል። በቧንቧ ውሃ ያደገው በመስኮት ያያል።

መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሁዳዴም ገብቶ ሰላጣ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት፣ የጓሮው አገዳ ያወጣል። ቅጠሉ ይመርራል፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ቁመቱን እንደ ስኬት ቆጥሮ ጎረቤት ይጠራል። በርግጥ የጥንት ግብፃውያንም ቀጥ ብሎ የቆመውን ሰላጣ ሚን ከተባለው አምላካቸው ጋር ያያይዙት ነበር። በእኛ ጓሮ ተረካቢዋ ዶሮ ናት፤ ምሬቱ ሳይገዳት እስከ ሥሩ ትለቅመዋለች። በማግስቱ እንቁላል ትጥላለች። እሱም እስከ ፋሲካ አይበላም።